የኬሞቴራፒ ቆዳና የዕፅዋት መድኃኒት፦ እንሶስላው የተፈተነው በየትኛው መዳፍ ላይ ነው?

ኬሞቴራፒ የሚወስድ ሰው መዳፉ ሲላላጥ፣ ውስጥ እግሩ ሲቃጠልና ጥፍሩ ሲጠቁር ከሐኪሙ ቀድሞ የሚደርስለት የጎረቤትና የዘመድ ምክር ነው። ጅማ ውስጥ ይህ ምክር ከሁለት ወገን ይመጣል። በአንድ በኩል እሬት መቀባት፣ እንሶስላ ማሰር፣ ማር ማድረግ የሚሉ ከእናት ወደ ልጅ የወረዱ መፍትሔዎች አሉ፤ በስልክ የሚዘዋወሩት የጥቁር አዝሙድ ዘይት ማስታወቂያዎችም በዚሁ ላይ ይጨመራሉ። በሌላ በኩል ደግሞ «ሕክምናው እስኪያልቅ ምንም ነገር እንዳትነኩ» የሚል አጭር ማስጠንቀቂያ ከጤና ተቋም ይሰማል። ታካሚው በሁለቱ መካከል ሲቀር አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው የዘመዱን ምክር መቀበልና ለሐኪሙ አለመናገር ነው። ጉዳት የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው።

ክርክሩ «የባህል መድኃኒት ወይስ የሆስፒታል» ተብሎ ሲቀርብ መልስ አያገኝም፤ ጥያቄው በትክክል ስላልተጠየቀ ነው። አባቶችና እናቶች ስለ ዕፅዋት ያካበቱት እውቀት እውነተኛ እውቀት ነው። ነገር ግን የተገኘው በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ ነው፤ በእሾህ በተወጋ፣ በእሳት በተነካ ወይም በእርሻ ሥራ በተሰነጠቀ እጅና እግር ላይ። በኬሞቴራፒ ላይ ያለ ቆዳ ግን የተለየ ቆዳ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የትኛው ዕፅ፣ በምን መልክ ተዘጋጅቶ፣ በየትኛው መድኃኒት በተጎዳ ቆዳ ላይ፣ ከመርፌው በኋላ በስንተኛው ቀን የሚለው ነው።

ካንሰርን የሚወጋ መድኃኒት ቆዳን ለምን ይነካል?

ኬሞቴራፒ የካንሰር ሴሎችን ለመግደል ወይም መራባታቸውን ለመግታት የሚሰጡ የብዙ መድኃኒቶች የጋራ ስም ነው። አብዛኞቹ ዒላማ የሚያደርጉት በፍጥነት የሚከፋፈልን ሴል ነው፤ ሴሉ የካንሰር ይሁን የጤነኛ አካል በደንብ ለይተው አያውቁም። የላይኛው የቆዳ ንብርብር በአንድ ወር ገደማ ራሱን ሙሉ በሙሉ የሚተካ በመሆኑ፣ የፀጉር ሥርና የጥፍር መብቀያም ያለ ዕረፍት የሚሠሩ በመሆናቸው፣ ከዕጢው ጋር አብረው ይመታሉ። አሮጌው ቆዳ ሲረግፍ የሚተካው አዲስ ቆዳ በወቅቱ ስለማይደርስ ቆዳው ይሳሳል፣ ወዙን ያጣል፣ ይሰነጠቃል።

በዚሁ ጊዜ መቅኔም ስለሚዳከም የነጭ የደም ሴሎች ቁጥር ይወርዳል። ለብዙዎቹ መድኃኒቶች ቁጥሩ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ነው። በሌላ ጊዜ ማንም ልብ የማይለው የተረከዝ ስንጥቅ በእነዚህ ቀናት ለተህዋስያን ክፍት በር ይሆናል። በዚህ ስንጥቅ ላይ ከአፈር የተነቀለ ሥር መድቆ ማሰር በጤነኛ ሰው ተረከዝ ላይ ከማሰር ጋር አንድ አይደለም።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር መድኃኒቶቹ ቆዳን የሚጎዱበት መንገድ የተለያየ መሆኑ ነው። ዶክሶሩቢሲን ፀጉር ያረግፋል፣ ቆዳና ጥፍርም ያጠቁራል። ዶሴታክሴልና ፓክሊታክሴል ጥፍርን ከሥሩ ያላቅቃሉ። ፍሎሮዩራሲልና ሜቶትሬክሴት ቆዳው ለፀሐይ እንዲሳሳ ያደርጋሉ። በኪኒን መልክ የሚዋጠው ካፔሲታቢን ደግሞ መዳፍንና ውስጥ እግርን ይመታል። ስለዚህ «ለኬሞ ቁስል» በሚል አንድ ስም የሚሸጥ ማንኛውም ቅባት፣ የቁስሉን ዓይነትና የመድኃኒቱን ስም ሳይጠይቅ የተዘጋጀ ነው ማለት ነው።

የመዳፍና የውስጥ እግር ሕመም

ከነዚህ ሁሉ ታካሚውን ከሥራው የሚያስተጓጉለው በእንግሊዝኛ ስሙ «ሃንድ ፉት ሲንድረም» የሚባለው የመዳፍና የውስጥ እግር ሕመም ነው። ካፔሲታቢን ከሚወስዱ ሰዎች ግማሽ ያህሉን በተለያየ ደረጃ ይነካል። መጀመሪያ ላይ መደንዘዝ፣ መንዘርና መቅላት ብቻ ይታያል፤ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሕመም ይጀምርና የዕለት ሥራን ያውካል፤ ሦስተኛው ላይ ቆዳው ውሃ ይቋጥራል፣ ይላጣል፣ ይቆስላል። ሙቀት፣ ፍትጊያና ጫና ያባብሱታል። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ምክር ይመስላል። ምጣድ ላይ እንጀራ ለምትጋግር፣ ልብስ በእጇ ለምታጥብ፣ ወይም በቡና ለቀማ ወቅት ቀኑን ሙሉ ፍሬ ስትለቅም ለምትውል ሴት ግን ሙቀትና ፍትጊያን ማስወገድ ማለት ሥራ ማቆም ማለት ነው፤ ቤተሰቡም ይህን አውቆ ሥራውን ካልተካፈላት ምክሩ በእጇ ላይ አይደርስም።

ደረጃው የሐኪሙን ውሳኔም ይወስናል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ለጊዜው እንዲቆም ይደረጋል፣ እንደ ሁኔታውም መጠኑ ይቀነሳል፤ ይህ በወቅቱ ከተደረገ ቆዳው ያገግማል፣ ሕክምናውም ይቀጥላል። ዘግይቶ ከታወቀ ግን ቁስለቱ ይከፋና ሕክምናው ለረጅም ጊዜ ሊቋረጥ ይችላል።

የጣት አሻራም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ካፔሲታቢን በአንዳንድ ሰዎች ላይ የጣት መስመሮችን እስከ ማጥፋት ይደርሳል፤ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ግን መስመሮቹ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳሉ። ለፋይዳ መታወቂያ የአሥር ጣት አሻራ በሚሰጥበትና ፊርማ የማይችሉ ወላጆች በአውራ ጣታቸው በሚፈርሙበት አገር ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከብዙ ድንጋጤ ያድናል። ፋይዳ የዓይን ብሌንንና የፊት ምስልንም ስለሚመዘግብ ሰውየው ያለ ማንነት አይቀርም፤ የሚወስደውን መድኃኒት የሚገልጽ ወረቀት ከሆስፒታሉ መያዙ ግን ይረዳዋል።

እንሶስላና ሂና

በጅማ በብዛት የሚነሱት ሁለት ዕፆች እንሶስላና ሂና ናቸው፤ አንዳንዴ እንደ አንድ ነገር ይጠራሉ። ሁለቱም እጅና እግርን ቀይ አድርገው ያቀልማሉ እንጂ በዝርያ ዝምድና የላቸውም። እንሶስላ በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ እርጥበታማ ቦታዎች የሚበቅል ሲሆን የሚፈለገው ሥሩ ነው፤ ተልጦ ይወቀጥና እጅና እግር ላይ ተደርጎ በጨርቅ ወይም በፌስታል ታስሮ ያድራል። ሂና ደግሞ የደረቀ ቅጠል ዱቄት ሲሆን በውሃ ተለውሶ ይቀባል፤ በሠርግና በዒድ ዋዜማ የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው።

ሂናን በተመለከተ የሚጠቀስ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የቱርክ ሐኪሞች ዘገባ በካፔሲታቢን ምክንያት መዳፋቸውና እግራቸው የታመመ 10 ሰዎች ሂና ተቀብተው አብዛኞቹ እንደተሻላቸው ገልጿል። ዘገባው ተስፋ ይሰጣል፤ ማረጋገጫ ግን አይሆንም። የታማሚዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፣ ሂና ካልተቀባ ቡድን ጋርም አልተነጻጸሩም። ይህ ሕመም መድኃኒቱ ሲቆም ወይም ሲቀነስ በራሱ የሚሻለው በመሆኑ፣ ያለ ማነጻጸሪያ ቡድን ለውጡን ያመጣው ሂናው ነው ወይስ ዕረፍቱ ብሎ መለየት ያስቸግራል። የሂናን ውጤት ወስዶ ለእንሶስላ መስጠት ደግሞ ከዚህ የባሰ ስሕተት ነው፤ ሌላ ዕፅ፣ ሌላ የአካል ክፍል፣ ሌላ አዘገጃጀት ነውና።

ሦስት ነገሮች በተለይ ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛው አስተሳሰሩ ነው። እግርን በፌስታል ጠቅልሎ ማሳደር ሙቀትንና ላብን ያፍናል፤ የመዳፍና የውስጥ እግር ሕመምን ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ሁለተኛው «ጥቁር ሂና» የሚባለው ነው። ንጹሕ ሂና ቀይ ቡናማ እንጂ ጥቁር ቀለም የለውም፤ እንዲጠቁር የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የፀጉር ማቅለሚያ ውስጥ ያለው ፓራፌኒሊን ዳያሚን የተባለ ኬሚካል ሲሆን፣ ይህ ኬሚካል በጤነኛ ቆዳ ላይ እንኳ ውሃ የሚቋጥር ከባድ አለርጂ ያስነሳል።

ሦስተኛው ብዙም የማይነገርለት ቢሆንም ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ቀለሙ ምልክቱን ይሸፍናል። ሐኪሙ ወይም ነርሷ የመድኃኒቱን መጠን የሚወስኑት መዳፉን አይተው ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላት ከመጀመሪያውም በግልጽ አይታይም፤ መዳፍና ውስጥ እግር ግን ነጣ ስለሚሉ ለውጡን ያሳያሉ። በእንሶስላ ወይም በሂና የተቀለመ መዳፍ ይህን ብቸኛ መስኮት ይዘጋዋል። ታካሚዋ «ሕመሙ ብዙም አይደለም» ካለች፣ መዳፏም ቀይ የሆነው በቀለም ከመሰለ፣ መቀነስ የነበረበት መጠን ሳይቀነስ ሊሰጣት ይችላል።

እሬት፦ አንድ ቅጠል፣ ሁለት ፈሳሽ

እሬት፣ በአካባቢው በኦሮምኛ ሀርጊሳ የሚባለው፣ ሲቆረጥ ቀረብ ብሎ ላየው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሰጣል። ቢላው እንዳለፈ ከልጡ ሥር ቢጫ፣ በጣም መራራ ፈሳሽ ይንጠባጠባል፤ ሲቆይ ይጠቁርና ይደርቃል። ልጡ ከተገፈፈ በኋላ ደግሞ መካከል ላይ ጥርት ያለ፣ የሚያሙለጨልጭ ዝልግልግ ነገር አለ። በየአገሩ ለቆዳ ማቀዝቀዣነት የሚሸጠው ይህ መካከለኛው ክፍል ነው። ቢጫው ፈሳሽ ቆዳን የሚያስቆጣና ሲጠጣ ኃይለኛ ማስቀመጫ የሆነ ነው። ቅጠሉን ሰብሮ በቀጥታ መቀባት ሁለቱን ቀላቅሎ መቀባት ነው። ኬሞቴራፒ ራሱ ተቅማጥ የሚያመጣበትን ሰው እሬት አጠጡት የሚለው ምክር ደግሞ ጨርሶ ሊቀር ይገባዋል፤ በዚያ ሁኔታ ውሃና ጨው ማጣት ለሕይወት የሚያሰጋ ነው።

ጥርት ያለው ክፍል ያልቆሰለ ደረቅ ቆዳን ለጊዜው ያቀዘቅዛል፣ ያረጥባል። ከዚያ በላይ ይጠብቃል የሚለው ግን ጠንካራ መሠረት የለውም። ብዙዎቹ የእሬት ጥናቶች የተደረጉት በጨረር ሕክምና በተቃጠለ ቆዳ ላይ ሲሆን ውጤታቸውም እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። የጨረር ቃጠሎ ጨረሩ ያረፈበት ቦታ ላይ ብቻ ከውጭ የሚመጣ ጉዳት ነው፤ የኬሞቴራፒው በደም ተጉዞ ከውስጥ የሚመጣ ነው። ለዚህ የሠራ ለዚያ ይሠራል ማለት አይቻልም።

ይኸው መደባለቅ በካሌንዱላ አበባ ቅባት ላይም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2004 በፈረንሳይ በ254 የጡት ካንሰር ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ካሌንዱላ መካከለኛና ከባድ የሆነውን የቆዳ መቆጣት ወደ 41 በመቶ ዝቅ ሲያደርግ ማነጻጸሪያው ቅባት 63 በመቶ ላይ እንደነበር አሳይቷል። ጥናቱ ጥሩ ነው፤ ግን የጨረር እንጂ የኬሞቴራፒ አይደለም። በኢራን የተሞከረው የጥቁር አዝሙድ ጄልም እንዲሁ በጨረር ላይ የተሞከረ፣ በላቦራቶሪ መጠኑ ተለክቶ የተዘጋጀ ነው፤ ገበያ ላይ በጠርሙስ ከሚሸጠው ዘይት ጋር አንድ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

ማርና ቅቤ

የጌራ ጫካ ማር የጅማ ኩራት ነው፤ ማር ቁስልን እንደሚረዳም በዓለም ላይ የታወቀ ነው። ሆኖም በሆስፒታሎች ለቁስል የሚውለው ማር በጋማ ጨረር ተህዋስያኑ የተገደሉበት ነው። ከቀፎ የመጣ ማር ሰውነት በሚደክምበት ጊዜ አደገኛ ሊሆኑ የሚችሉ የተህዋስያን ዘር ሊይዝ ስለሚችል፣ ለመብላት የሚስማማውን በተከፈተ ቁስል ላይ ማድረግ አይመከርም። ቅቤ ደግሞ ደረቅ ቆዳን በእርግጥ ያለሰልሳል፤ ያንኑ ሥራ ግን ሽታ የሌለው ቫዝሊን ያለ ተህዋስያን ይሠራል፣ ዋጋውም ከቅቤ ያነሰ ነው።

ፀሐይ ሲያገኛቸው የሚያቃጥሉ

ጤና አዳም በጅማ ቡና ውስጥ ቦታው የተከበረ ነው፤ ቡናው ውስጥ ስለሚገባው አንድ ዘለላ የሚያሳስብ ነገር የለም። ቆዳ ላይ ሲታሽ ግን ነገሩ ይለያል። ቅጠሉ ፉሮኩማሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ እነዚህ ቆዳ ላይ እያሉ ፀሐይ ሲያርፍባቸው እንደ እሳት ያቃጥላሉ፣ ውሃም ያስቋጥራሉ፤ ጥቁር ጠባሳውም ለወራት ይቆያል። የሎሚ ጭማቂም በዚሁ ይታወቃል። ፍሎሮዩራሲል ወይም ሜቶትሬክሴት አስቀድሞ ቆዳውን ለፀሐይ አሳስቶት ከሆነ ጉዳቱ ይደራረባል። ፌጦና ጥሬ ነጭ ሽንኩርትም ተወቅጠው ሲታሰሩ ፀሐይ ሳያስፈልጋቸው በጤነኛ ቆዳ ላይ እንኳ ቃጠሎ ስለሚያደርሱ፣ በሳሳ ቆዳ ላይ በምንም መልኩ ሊደረጉ አይገባም።

ጥሩ ማስረጃ ያላቸው ነገሮች

ለመዳፍና ለውስጥ እግር ሕመም ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያላቸው ነገሮች ተራ ናቸው። በሕንድ በ264 የካፔሲታቢን ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሸጠው 1 በመቶ የዳይክሎፌናክ ጄል በቀን ሁለት ጊዜ እጅ ላይ ሲቀባ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ የደረሰው ሕመም 3.8 በመቶ ብቻ ሲሆን መድኃኒት የሌለበት ጄል በተቀቡት ላይ ግን 15 በመቶ እንደነበር አሳይቷል። ጄሉ ያልቆሰለ ቆዳ ላይ፣ ሐኪም አውቆት የሚቀባ ነው። 10 በመቶ ዩሪያ ያለበት ክሬምም በጀርመን ጥናት የዕፅዋት ተዋጽኦዎች ከተቀላቀሉበት ሌላ ቅባት ጋር ተወዳድሮ በልጧል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት፤ ስሙ አንድ ቢሆንም ለእርሻ የሚውለውን የዩሪያ ማዳበሪያ በውሃ አሟሙቶ መቀባት ክሬሙን አይተካም፤ ለቆዳ ተብሎ አልተጣራም፣ መጠኑም አይታወቅም።

ከዚህ ውጪ ያለው በየቤቱ የሚገኝ ነው፦ ለብ ያለ ውሃ፣ ሽቶ የሌለው ሳሙና፣ ከታጠቡ በኋላ ወዲያው የሚቀባ ቫዝሊን፣ ሰፋ ያለ ጫማ፣ የጥጥ ካልሲ፣ ጥላና ነጠላ።

ከክርክሩ ጀርባ ያለው

ዕፅዋትን ጨርሶ መከልከል የሚደግፉ ባለሙያዎች ምክንያት አላቸው። የዕፁ መጠን አይታወቅም፣ ንጽሕናው አይረጋገጥም፣ ሲዋጥ ደግሞ ጉበት መድኃኒቱን የሚፈጭበትን ፍጥነት ሊለውጥ ይችላል። በፋብሪካ እንደተሠሩ ሆነው የሚሸጡ «የዕፅዋት» ክሬሞች ውስጥ በድብቅ ኮርቲዞን መሰል መድኃኒት መገኘቱም በብዙ አገር ተደጋግሞ የታየ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የባህል መድኃኒትም በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር በመሆኑ፣ ያልተመዘገበን ክሬም መጠራጠር ተገቢ ነው።

በሌላ ወገን «ዕፅ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል ከራሱ ከኬሞቴራፒው ታሪክ ጋር ይጋጫል። ቪንክሪስቲን የተገኘው ከማዳጋስካር አበባ ነው፤ ፓክሊታክሴል ከዛፍ ልጥ ነው። ሁለቱም ዕፅ ነበሩ፤ ከባድ መድኃኒት ያደረጋቸውም ኃይላቸው ነው። የዕፅዋት ደጋፊዎች ትክክል የሚሆኑበት ነጥብ ግን አለ። ከካፋ፣ ከዳውሮ ወይም ከኢሉባቦር ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚመጣ ታካሚ መርፌውን ወስዶ ሲመለስ ቆዳው የሚላላጠው እቤቱ ሳለ ነው። በዚያ ሰዓት አጠገቡ ያለው ጓሮው ነው። የትኛውን ቅጠል እንደሚተው፣ የትኛውን በምን መልክ ሊነካው እንደሚችል ሳይነገረው «ምንም አትንካ» ተብሎ የተላከ ሰው አንድ ነገር መንካቱ አይቀርም፤ ከዚያም ይደብቃል። በእኔ እምነት ከመርፌው በፊት ያለው አምስት ደቂቃ ለዚህ ቢውል ከማንኛውም የግድግዳ ማስታወቂያ የተሻለ ይሠራል። ታካሚውም የሚጠቀምበትን ቅጠል ወይም ጠርሙስ በስሙ ብቻ ሳይሆን በአካል ይዞት ቢመጣ ይመረጣል፤ አንድ ስም በሁለት ወረዳ ሁለት ዕፅ ነውና።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

መድኃኒቱ በደም ሥር እየገባ ሳለ ቦታው ካቃጠለ ወይም ካበጠ እዚያው ወዲያው ለነርስ መናገር ያስፈልጋል፤ ዶክሶሩቢሲንና ቪንክሪስቲን ከደም ሥር ከወጡ ሥጋን ያበሰብሳሉ፣ የቤት ቅባት አያድነውም። የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ መሆን፣ መግል ያለው ቁስል፣ የሚስፋፋ ውሃ መቋጠር፣ ወይም ከቆዳው ጋር ዓይንና አፍ አብረው መቁሰላቸው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ናቸው።

በጅማ ሊጠና የሚችለው

እንሶስላ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለው ጥያቄ ሌላ አገር ይመለስልናል ተብሎ አይጠበቅም፤ ዕፁ የእኛ ነው። ጅማ ውስጥ ደግሞ የካንሰር ታካሚዎቹ፣ የፋርማሲ ትምህርት ክፍሉና ሥሩን አድርቀው የሚሸጡት እናቶች በአንድ ከተማ ይገኛሉ። ሕመሙ ሁለቱንም መዳፍ እኩል የሚነካ በመሆኑ፣ የአንዱ ሰው ቀኝ እጅ ንጽሕናው በተጠበቀ የእንሶስላ ቅባት፣ ግራ እጁ በቫዝሊን ተቀብቶ ሊነጻጸር ይችላል። ቀለሙ የትኛው እጅ የትኛው እንደሆነ ስለሚያጋልጥና መቅላቱን ስለሚሸፍን፣ ልኬቱ በቆዳው መልክ ሳይሆን በሕመሙ መጠን፣ በተቋጠረው ውሃና ታካሚዋ በዚያ እጇ ሲኒ መያዝ መቻል አለመቻሏ ላይ መመሥረት ይኖርበታል።